የሰንጋ ተራው አጥቂና የእናቴ አውራ ጣት

ፊት ለፊት የነበሩት ሁለት ጥርሶቼ የት እንደወደቁ አውቃለሁ። ሰንጋ ተራ፣ የከብት ገበያው ከሚያልቅበት ሜዳ ላይ፣ ለጎል ብለን ድንጋይ ከከመርንበት ትንሽ ወደ ግራ ነው። የዛሬ ልጆች አፌን አይተው ሲጠይቁኝ "በጣሊያን ጊዜ ነው የወለቁት" እላቸዋለሁ፤ ወዲያው ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ጣሊያን በሰደፍ የመታኝ ይመስላቸዋል። ጣሊያን ያደረገውን እኔም አልረሳሁም፣ ይቅርም አላልኩትም፤ ግን ሰው ያላደረገውን አድርጓል አይባልም። ጥርሴን ያወለቀው የሰንጋ ተራ አጥቂ ጉልበት ነው።

እኔ የልደታ በረኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሰው ተሰብስቦ መቆም ክልክል ነው፤ ጥቂት ሰው ጥግ ይዞ ሲያወራ ከታየ የጣሊያን ሶላቶ መጥቶ ይበትናል። ኳስ ሲሆን ግን ዝም ይሉናል። እርስ በርሳቸው ሲራገጡ ይዋሉ ብለው ይሆናል። ሜዳው እሁድ እሁድ የእኛ፣ በሌላው ቀን የበሬዎቹ ስለሆነ፣ የወደቀ ተጫዋች ምን ላይ እንደወደቀ ሳይናገር ይታወቅበታል። ኳሱን የሚሰፉልን አብነት ሰፈር የሚኖሩ አንድ ወፍራም ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። እኚህ ሰው የልደታ ማኅበራችን ሙሴም ናቸው፤ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው። ኳሱም ጽዋውም በእሳቸው እጅ ስለሆነ ቃላቸውን የሚመልስ የለም። የቡድኑን ሕግ ያወጡትም እሳቸው ናቸው፤ ለልደታ የሚጫወት የልደታ ልጅ ብቻ ነው። ሌላ ሰፈር የተወለደ፣ በራሪ ቢሆን አይሰለፍም። ሰንጋ ተራዎች ይህን ሕጋችንን ከእኛ አብልጠው ያውቁታል፣ ስንጥሰው የሚያዩበትን ቀንም ይጠብቃሉ።

ጥርሴን ያወለቀው ሰውዬ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሪዙን እንደ ሹም የሚያሳምር፣ ከከብት ነጋዴዎች ጋር የሚሠራ ነው። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች፣ እኔ ልይዛት ዘለልኩ፣ እሱ በግንባሩ ሊመታት ዘለለ፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከግንባሩ ጉልበቱ ቀድሞ ደረሰ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሽማግሌ ይዞ ቤታችን ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ደግ፣ ሥርዓት ነው። በሩን የከፈተችለት እህቴ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ጥርሴ እንዴት እንደሆነ ሊጠይቅ ብቻውን መጣ። በሚቀጥለውም መጣ። ጥርስ እንደ ጎመን ተመልሶ የሚበቅል ይመስል ሲጠይቀኝ ከረመ። እናቴ "አቤት አስተዳደግ" ትላለች። እኔም ጅሉ አፌን ከፍቼ "ያው ነው" እያልኩ አሳየዋለሁ፤ እሱ የሚያየው ከትከሻዬ ወዲያ ነው። ያኔ ያልገባኝን ለእናንተ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ሰውዬው የሚመጣው ለእህቴ ነው። እሷም ወዳዋለች። የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ጣጣ ነው።

ሊያገባት ቢፈልግም ሽማግሌ መላክ ፈራ። የወንድሟን ጥርስ ያወለቀ ሰንጋ ተራዬ ልጅ ስጡኝ ቢል ማን ይሰማዋል። ሲያስብ ከረመና ለሙሴው መልእክት ላከ፤ ለልደታ ልጫወት አለ። ጥርስ ሰባሪ ተብሎ ከመለመን የልደታ ጎል አግቢ ተብሎ መለመን ይሻላል ብሎ ነው። ነገሩ ብልህነት ነበረው፤ ፍቅር ሕጋችንን አስረስቶት ነው እንጂ።

ወሬው እንደተሰማ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ባልና ሚስት የተኮራረፉ አሉ። መሰብሰብ ስለማይቻል ነገሩ የማኅበር ቀን እስኪደርስ ተጠበቀ፣ በጸሎት ስም ነገ ዛሬ የምንለውን ሁሉ የምንጨርሰው በማኅበር ነውና። ተራው ደግሞ የእናቴ ነበር። ቤታችን ሰው በሰው ላይ ሆነ። ባዶ የቀረው አንድ መደብ ብቻ ነው፤ የታላቅ ወንድሜ መደብ። ወንድሜ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። ሞቷል ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። እናቴ መደቡን ታራግፋለች፣ ጋቢውን አጥፋ ከራስጌው ታስቀምጣለች፣ እንግዳ ቢበዛ መሬት ይቀመጣል እንጂ እዚያ አይቀመጥም። ሙሴው እንኳ ያን ሁሉ ገላ ይዘው በርጩማ ላይ ነበር የሚንጠለጠሉት።

ቄሱ ዳቦውን ባርከው እንደቆረሱ ክርክሩ ተጀመረ። ቀድመው የተናገሩት አንድ ከወሎ የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ማኅበርተኛም አይደሉም፤ የኳስ ነገር ይነሳል ሲባል መጥተው ነው። ዳቦውንም ጠላውንም አይነኩም፣ ክርክሩን ግን ከማንም አብልጠው ይበሉታል።

"እኔ አልቀበልም" አሉ። "ይህ ሰው ዛሬ የበረኛችንን ጥርስ አወለቀ። ነገ ሲከፋው የማንን እንደሚያወልቅ አይታወቅም።"

"የእኛ ከሆነ እኮ የሚያወልቀው የእነሱን ነው" አሉ ሙሴው።

ይህ ከባድ ነገር ነበር። ሰው ሁሉ ጠላውን አስቀምጦ አሰበበት።

"አህያ ላህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም ይባል የለም እንዴ" አሉ ቄሱ። "ታዲያ ይኼ እንዴት ሆነ?"

"ከሁለቱ አንዱ አህያ አይደለማ" አለ ከኋላ የተቀመጠ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ተናድጄ ልመልስ አፌን ስከፍት በጥርሴ ቀዳዳ ፉጨት ወጣ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሲናደድ የሚያፏጭ ሰው ማንም አይፈራውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሬን ሁሉ በዝግታ መናገር ለመድኩ፤ የተረጋሁ ሰው የምመስላችሁ ለዚህ ነው።

አጥቂው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሙሴው አስጠሩትና "ለምን ልደታን መረጥህ?" አሉት።

"ስለምወዳት።"

"ምኗን?"

"ሁሉ ነገሯን" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ጠላ የምትቀዳው እህቴ ትን አላት። ቄሱ ግን ስለ ቤተ ክርስቲያኗ የተናገረ መስሏቸው ልባቸው ተነካ።

"መውደድ ሌላ፣ መወለድ ሌላ" አሉ ነጋዴው። "ሕጉ የልደታ ልጅ ነው የሚለው። ሙሴ ሆይ፣ ሕጉ የማን ነው?"

ሙሴው በገዛ ሕጋቸው ተያዙ። ጢማቸውን እየዳበሱ መልስ ሲፈልጉ በሩ ተበረገደና አንድ ሶላቶ ከነአስተርጓሚው ገባ። በሌላ ጊዜ "ማኅበር ነው" ሲባሉ ጽዋውን አይተው ይሄዱ ነበር። የዚያን ቀን ግን የአስተርጓሚው ዓይን በነጋዴው ቆብ ላይ አረፈ።

"የማርያም ማኅበር ከሆነ እስላሙ ምን ይሠራሉ?"

"ምስክር ናቸው" አሉ ቄሱ ቶሎ ብለው።

"የምን ምስክር?"

እዚህ ላይ ቄሱ ጨነቃቸው። ዓይናቸው ቤቱን ዞረ፤ በር ላይ የቆመውን አጥቂ አየ፣ እናቴን አየ። "እኚህ እመቤት ልጅ ሊወስዱ ነው። የጡት ልጅ" አሉ።

የጡት ልጅ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ያልወለዱትን ልጅ ማድረግ ሲፈለግ፣ በሰው ፊት ያጠቡታል። ለትልቅ ሰው ጡት አይሰጥም፤ እናት አውራ ጣቷን ማር ነክራ ታጠባዋለች። ከዚያ ወዲያ ሥጋዋ ነው፤ ይወርሳታል፣ ይቀብራታል፣ ልጆቿ ወንድምና እህቶቹ ናቸው። የጡት እህት ለሚስትነት አትሆንም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

አስተርጓሚው ሲነግረው ሶላቶው ደስ አለው። ይደረግና ልየው አለ። ሊቀመጥ ወደ ወንድሜ መደብ ሲያመራ እናቴ በርጩማ ይዛ ቀደመችው።

አጥቂው ፊቱ አመድ መሰለ። እህቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደረቀች። እምቢ ቢል ሁላችንም ጣቢያ ነን፤ እሺ ቢል የሚወዳት ልጅ እህቱ ናት። እናቴ ጓዳ ገባች። ቆየት ብላ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወጣች። እሱ ተንበረከከ፣ እህቴን አንዴ አየና አፉን ከፈተ።

እንዲህ ያለ ልጅነት አይቼ አላውቅም። ጣቷን ጎረሰ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከዚያ እንባው በሪዙ ላይ ወረደ። ላብ አጠመቀው። "እናቴ" ሊል ፈልጎ ሳል አነቀው። ቄሱ "ጸጋ ወረደበት" አሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። ሶላቶው ራሱ አፍንጫውን ጠርጎ አንድ ነገር አለ፤ "የገዛ እናቱን አስታወሳችሁት" አለ አስተርጓሚው፣ ይዞትም ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ሙሴው ከበርጩማው ተነሡ። "ተወለደ" አሉ። "የልደታ ልጅ ተወለደ።" ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ነጋዴው እንኳ "ምስክር ነው ካላችሁኝ ምስክር ነኝ" ብለው ተቀበሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እህቴ ጓዳ ገብታ በሯን ዘጋች፤ የቀረውን ጠላ እኔ ነኝ የቀዳሁት፣ አሁንም ያናድደኛል።

ከሰንጋ ተራ ጋር ስንገናኝ ሜዳው ዳር እስከ ዳር ሰው ነው። እነሱ "ከሃዲ" ብለው ይጮሁበታል፣ የእኛዎቹ "የልደታ ልጅ" ብለው ይመልሳሉ። ልጁ ግን አይሮጥም። ኳስ ይሰጡታል፣ ኳሷን እንደ ዘመድ አስከሬን ቆሞ ያያታል። አንድ በሬ ሜዳው ውስጥ ገብቶ ከእሱ የበለጠ ሮጧል። አንድ ለባዶ እየተመራን እረፍት ሆነ። ነጋዴው በንዴት ቆባቸውን አወለቁ፤ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ እኛ ነን እኮ" እያሉ ይመላለሳሉ። የራሳችንን አጥቂ አስቀምጠን ነበር ያሰለፍነው።

ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"እህትህ።"

"እህቴ ምን?"

"እህቴ ሆነች" አለ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የጥርስ ጥየቃው፣ ከትከሻዬ ወዲያ ማየቱ፣ የእህቴ ትንታ፣ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። እጄን ጨብጬ አነሣሁ። እሱ ምንም አልመሰለውም።

"ደግሞ እናትህም ስለ ጥርስህ ቂም ይዘውብኛል። ልክ ናቸው" አለ።

"ልጇ ካደረገችህ ወዲያ ምን ታድርግልህ?"

"ያጠቡኝ እኮ ድልህ ነው።"

"የምን ድልህ?"

"የበርበሬ ድልህ ነዋ። አፌ እስካሁን ይቃጠላል። ማር መሰለህ እንዴ ያስለቀሰኝ?"

እጄን አወረድኩ። ሁለት ንዴት ነበረብኝ፤ አንዱ የእህቴ፣ አንዱ የአንድ ለባዶው። መዘንኳቸው። የአንድ ለባዶው ከበደ፤ በረኛው እኔ ነበርኩ።

"ስማ፣ አንተ ደደብ" አልኩት እያፏጨሁ፣ "በድልህ ልጅ የሆነ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?"

ከዚያ ሪዙን ጠረገና ተነሣ። ከእረፍት በኋላ ያደረገውን ለማመን ማየት ነበረባችሁ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በግንባሩ አገባ፤ የሰንጋ ተራ በረኛ ጉልበቱን ሲያይ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ሙሴው ልጁን ግንባሩን እየሳሙ "የአብራካችን ክፋይ" አሉት።

በሳምንቱ የአብራካችን ክፋይ ሽማግሌ ልኮ እህቴን ጠየቀ።

ጉድ ፈላ። "እህቱን ሊያገባ" ተባለ። ቄሱ የሰሙ ጊዜ ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ። እኔ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብዬ የድልሁን ነገር ተናገርኩ፤ ተናግሬ አብሼው አረፍኩ። ማር ከሆነ ልጅ ነው፣ ማሸነፋችን የጸና ነው፣ ጋብቻው ግን የለም። ድልህ ከሆነ ጋብቻው ይሆናል፤ ግን የልደታ ልጅ አይደለም፣ ሁለቱም ጎሎች ፉርሽ ናቸው። ሰንጋ ተራዎች ይህን ሰምተው አንድ ሰው ልከው ውጤቱን በራችን ላይ ይጠባበቃሉ። ማኅበርተኛው አንድ ዳቦ ታቅፎ፣ ሶላቶ ቢመጣ ማኅበር ነን ለማለት፣ እንደገና ቤታችን ሞላ።

"እሜቴ" አሉ ሙሴው እናቴን፣ እንዲያ ሲለማመጡ አይቻቸው አላውቅም፣ "ረጋ ብለው ያስቡ። ጓዳው ጨለማ ነው። ማሰሮና ማሰሮ ይመሳሰላል። ማር ነው ቢሉን ማንም ጣትዎን አይመረምርም።"

እህቴ ሳትጠራ ከጓዳ ወጣች። "እኔ ወንድም አለኝ" አለች፣ አፌን እያየች። "ሌላ ወንድም አልፈለግሁም።" አጥቂው በር ላይ፣ ያኔ የቆመበት ቦታ ቆሞ፣ ትንፋሹን ይዟል።

"ድልህ ነው" አለች እናቴ።

"ተሳስተው?"

"የገዛ ማሰሮዬን አልስትም።"

"እንግዲያስ ለልጅቱ ብለው ነዋ" አሉ ነጋዴው።

"የልጅቱን ነገር የሰማሁት ትናንት ነው። ገና እጣላታለሁ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ልጅ ውሰጂ አላችሁኝ፣ ሶላቶ ቆሟል፣ ምን ልበል። ጓዳ ገብቼ የማሩን ማሰሮ ከፈትኩ። ጣቴ እምቢ አለኝ። እኔ የሄደ ልጅ አለኝ። በሄደው ፈንታ ሌላ ልጅ ከወሰድኩ አይመጣም ማለቴ ነው። አይመጣም አላልኩም። ድልሁ አጠገቡ ነበር።"

ሰው ሁሉ ወደ መደቡ እንዳያይ ጠላውን ያያል። ሙሴው ከበርጩማው ተነሡና በሩን ከፍተው ውጭ ለቆመው ሰንጋ ተራዬ "ጎሎቹ ይቅሩ፤ ያሸነፋችሁት እናንተ ናችሁ" አሉት። ለእሳቸው ይህን ከመናገር ጥርስ ማስነቀል ይቀላል።

"ሁለት ወዶ አይሆንም" አሉ ነጋዴው ቀስ ብለው። "ምስክርነቴን አንስቻለሁ።"

ሰርጉ የተደረገው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰንጋ ተራዎች በሙሽራው ወገን መጥተው ሌሊቱን ሙሉ የድልህ ዘፈን ሲያወጡብን አደሩ። ሙሽራው የእናቴን ጉልበት ሲስም ጉርሻ አዘጋጅታ ጠበቀችው፤ ከመጉረሱ በፊት አሸተተው። እናቴ እንደዚያን ቀን ስትስቅ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያየኋት። ሙሴውም ሕጋቸውን አሻሻሉ፤ የልደታ ልጅ ወይም የልደታ አማች ይላል። ሰውዬው እግሩ እስኪደክም ለእኛ ተጫወተ፣ ጥርስ ግን አላወለቀም።

ጣሊያን ሲወጣ የሄደ ሰው መመለስ ጀመረ። ከጫካውም፣ ከስደቱም፣ በእግርም በባቡርም ይመጣል። እኔ ለገሃር ሄጄ መቆም አልቻልኩም። የሄደው የእህቴ ባል ነው፣ ማንም ሳይልከው። ወንድሜን አይቶት ስለማያውቅ ምን ይመስላል ብሎ እናቴን ጠየቃት። እናቴ አየችኝ፣ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

"ይኼንኑ ነው" አለችው። "ጥርስ ያለው።"

ያን ክረምት ሁሉ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ፣ ከባቡር በወረደው ሰው ውስጥ ጥርስ ያለውን እኔን ሲፈልግ ከረመ። ማታ ሲመለስ እናቴ ምንም አትጠይቀውም። ራቱን ታቀርብለታለች፣ እሱም ከባዶው መደብ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ይበላል።